ከአጋሮ ያመጣነው ብሎክ

አባቴ እናቴ ከሞተች በኋላ ለብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ከረመና አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ «ያቺን መኪና አስነሺልኝ» አለኝ። የትኛዋን ብዬ አልጠየቅኩም። ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ባለው ግቢያችን ውስጥ ከኔ ዕድሜ በላይ የቆመች መኪና አንዲት ብቻ ናት።

አባቴ በወጣትነቱ የአንድ ግሪካዊ ቡና ነጋዴ ሹፌር ነበር። ሰውየው ከአሜሪካ ያስመጣት፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ሁለት በር ያላት ቀይ መኪና ነበረችው። ሞተሯ ስምንት ሲሊንደር ነው። አብዮቱ ሲመጣ ነጋዴው አገር ጥሎ ሄደ፤ መኪናዋን ካድሬዎች ወሰዷት። ራዲያተር ውስጥ ውሃ መኖሩን ሳያዩ የጊቤን ዳገት ሲያስወጧት ሞተሯ ግሎ ተሰነጠቀ። ከዚያ ለምንም ስላልሆነች ጎትተው አምጥተው ለአባቴ ጣሉለት። እኔ ያደግኩት ዶሮ እንቁላል የሚጥልባት መኪና ውስጥ እየተጫወትኩ ነው።

ጅማ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ስላለኝ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ብረት የሚቀርጽበት የቶርኖ ቤት ያለውን ሰው ጠርቼ ብሎኩን፣ ፒስተኖቹ የሚመላለሱበትን ዋናውን የሞተር አካል፣ አሳየሁት። ስንጥቁን በጥፍሩ ተከተለውና፣ «ጊዛ ነው፣ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት። ብበይደውም ሲግል መልሶ ይከፈታል» አለኝ።

እንግዲህ ሌላ ብሎክ መምረጥ ነው። ለኔ ምርጫው ግልጽ ነበር። የፒካፕ ናፍጣ ሞተር፣ አራት ሲሊንደር፣ ዕቃው የትም የሚገኝ። ለአባቴ ነገርኩት።

«ናፍጣ?» አለኝ።

«አዎ አባዬ፤ ጤነኛ ብሎክ ነው። ይሄዳል።»

«መሄዱንማ ጋሪም ይሄዳል። እኔ የምፈልገው ድምፁን ነው። አንቺ አልሰማሽውም።»

እውነቱን ነው፤ አልሰማሁትም።

በዚህ መሃል አንድ ደንበኛዬ ወሬ አመጣልኝ። አጋሮ ውስጥ አንድ የቡና መቀሸሪያ ቤት ድሮ በአሜሪካን ሞተር ይሠራ ነበር፤ መብራት ከገባ ወዲህ ሞተሩ ጥግ ተጥሏል። ይህን ስነግረው አባቴ ጺሙን ተላጨ፣ ኮቱን አስተኮሰ። ሚኒባሱ ውስጥ ከፊት ካልተቀመጥኩ ብሎ እስከ አጋሮ ድረስ ሹፌሩን ማርሽ ቀንስ፣ ማርሽ ጨምር ሲል ሄደ። ሹፌሩም ደግ ልጅ ነው፤ «እሺ ፋዘር» እያለ ታዘዘለት።

የመቀሸሪያው ባለቤት የአባቴ እኩያ የሆኑ ሃጂ ናቸው። ሞተሩ ከቆርቆሮው ዳስ ሥር፣ እስከ ወገቡ በቡና ገለባ ተቀብሮ ነበር።

«ልጆቼን ያሳደገው እሱ ነው» አሉን ሃጂ። «ወላሂ፣ ከብረት ገዢዎች ስንት ጊዜ ደብቄዋለሁ።»

የአባቴን ዓይን ሞራ ጋርዶታል። ተንበርክኮ ገለባውን በእጁ ጠረገ፤ ቅባቱን ባስተኮሰው ኮት እጅጌ አበሰው። ከዚያ ብሎኩ ጎን ላይ ከብረቱ ጋር የፈሰሰውን ቁጥር በጣቱ ዳሰሰ። ደጋግሞ ዳሰሰ።

«የኛዋ ሞተር ቁጥር ነው፤ እሷው ናት» አለ። ከእናቴ ቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ሃጂ ወደኔ ዞረው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ውሰዱት» አሉኝ። «ዝናብ ከሚበላው ሰው ይጠቀምበት።»

ጅማ ስንመለስ የቶርኖ ቤቱ ባለቤት ብሎኩን በነጭ ጋዝ አጠበና ሲሊንደሮቹን አንድ በአንድ ለካ። ሲጨርስ በዓይኑ ወደ ውጭ ጠራኝ። አባቴ አየው ይሁን ገመተው አላውቅም፣ «እዚሁ ተናገር» አለው።

«አባባ፣ ሲሊንደሮቹ አልቀዋል። ከዚህ በፊትም ሰፍተው ያውቃሉ። አሁን እንደገና ባሰፋቸው ግድግዳው ይሳሳና ውሃ መሄጃው ጋ ሊበሳ ይችላል። አዲስ ቱቦ ላስገባባቸው ብልም ለሱ የባሰ መስፋት አለባቸው።»

«አስፋው።»

«አባዬ፣ ከተበሳ አለቀ እኮ» አልኩት።

«ካልሰፋስ? ያው አይደል?»

ማሽኑ ተነሳ። የመጀመሪያው በደህና ወጣ። ሁለተኛውም። አባቴ በርሜል ላይ ተቀምጦ አንገቱን አዘንብሎ ያዳምጣል። እኔም ተስፋ ማድረግ ጀምሬ፣ ቤንዚኑን ከየት እንደማመጣ፣ ወንበሩን ምን ዓይነት ቆዳ እንደማስለብሰው ሳስብ ድምፁ ተለወጠ። ሰውየው ወዲያው ማሽኑን አጠፋና ውስጡን በባትሪ አየ።

የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ናት።

«የት ጋ ነው?» አለ አባቴ። እጁን ይዤ አደረስኩት። ጣቱን ቀዳዳዋ ላይ እንዳደረገ ቆየ፤ ከዚያ ኮቱን ቆለፈ።

«ወደ ቤት ውሰጂኝ።»

ናፍጣውን እንደገና ሳነሳበት እንደ በፊቱ ቢቆጣኝ ደስ ይለኝ ነበር። «ያልሽውን አድርጊ» አለኝ ብቻ። አደረግኩት። መካኒኮቹ ሞተሩ እንዲገባ የመኪናዋን ሆድ ቆርጠው ቀጠሉ። ክረምቱ ሲወጣ ተነሳች።

አባቴን ከጎኔ አስቀምጬ ከግቢ ስወጣ ሰፈሩ ሁሉ በር ላይ ነበር። ሴቶች እልል አሉ፤ ሰው አጨበጨበ። ሞተሩ ይንገጫገጫል፤ መስታወቱ ይርገፈገፋል። አስፋልቱ ጋ ሳንደርስ አባቴ ክንዴን ያዘኝ።

«አቁሚ።»

«ምነው፣ አመመህ?»

«አይ። ልውረድ።»

በሩን ራሱ ከፍቶ ወረደና አጥሩን እየተደገፈ ወደ ቤት መመለስ ጀመረ። መኪናዋን አዙሬ በቀስታ ከኋላው ተከተልኩት። እልልታው ገና አልቆመም ነበር።

በማግስቱ፣ «ሞተሩን አውጥተሽ ለሚሠራበት ሰው ሽጪው» አለኝ። ከሊሙ ቡና የሚያመላልስ ሰው ወሰደው።

«ሌላ ላፈላልግ? አዲስ አበባ ሰው ልጠይቅ?» ብዬዋለሁ።

«ተይው።»

ድሮ ከሱቅ ስገባ ማን እንደመጣ፣ የማን መኪና ምን እንደሆነች ሳይጠይቀኝ አያድርም ነበር። አሁን አይጠይቀኝም። እኔ ግን ራት እያቀረብኩ እነግረዋለሁ፤ እገሌ ራዲያተር ፈልጎ መጣ፣ እገሌ ፍሬን ሸራ ገዛ። ሳልጨርስ ጋቢውን ይከናነባል።