አምስተኛው ቀን ሳይደርስ

ታላቅ እህቴን የክሊኒኩ ሰው ሁሉ «ላባ» ነው የሚላት። ሃያ ሁለት ዓመት ቁስል ስታጥብ ኖራለች። የደረቀ ፋሻ አርሳ ስታነሳ፣ ግዙፍ ጎረምሳ እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ «ጀመርሽ እንዴ?» ይላታል፤ እሷ ግን ጨርሳ እጇን እየታጠበች ነው። እኔ የእሷ ተቃራኒ ነኝ። ነገሬ ሁሉ ችኮላ ነው፤ አፌም አያርፍም።

የፈላ ውሃ የልጄ እጅ አንጓ ላይ ሲገለበጥ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሐኪሙ እንደ ላስቲክ የሚለጠፍ አዲስ ዓይነት የቁስል መሸፈኛ አደረገላትና እስከ አምስተኛው ቀን ማንም እንዳይነካው አለ። ቶሎ ከዳነ እጇ እንደነበረው ይሆናል፤ ከተጓተተ ግን ጠባሳው አብጦ አንጓዋን ሊይዘው ይችላል ብሎ አስረዳን። እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ፋሻ ስትቀይር የኖረች ናትና ሁለቴ አስደገመችው። ከዚያ አመነች። እኔ አላመንኩም።

በሦስተኛው ቀን ከመሸፈኛው ሥር ቢጫ ነገር ተጠራቀመ። ጠረኑስ አይጣል ነው። ለእህቴ ስደውልላት ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ መጣች። የልጄን እጅ ወደ መስኮቱ አዙራ አየች፣ ዙሪያውን ጫን ጫን አደረገች፣ ግንባሯን ዳሰሰች። ትኩሳት የለም፣ ዙሪያውም አልቀላም። መሸፈኛው ከቁስሉ ውሃ ጋር ሲቀልጥ እንዲህ ይሆናል፣ መግል አይደለም አለችኝ።

ደሜ ፈላ። የሰውን ሁሉ ቁስል ስታጥቢ ኖረሽ፣ የእህትሽ ልጅ ጋ ሲደርስ እጅሽን አጣጥፈሽ ትቀመጫለሽ አልኳት። ልታስረዳኝ ሞከረች፤ እኔ ጮህኩ። ልጄ ማልቀስ ጀመረች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ በመጨረሻ የማይባለውን አልኩ።

«የራስሽ ልጅ ብትሆን ትከፍቺው ነበር።»

እህቴ አልወለደችም። ቦርሳዋን ከፈተች፣ እጇን ታጠበች፣ የመሸፈኛውን ጠርዝ ይዛ ገለጥ አደረገች። ቢጫው ነገር ሲታጠብ ከሥሩ መግል የሚባል የለም። ንጹህ ቁስል ነበር፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ አዲስ ቆዳ ማውጣት ጀምሯል። ቀሪው ሲነሳ ግን ግማሹ ቆዳ ከመሸፈኛው ጋር ተልጦ መጣ። ልጄ ጮኸች።

በማግስቱ ሐኪሙ «ማነው የከፈተው?» ሲል እህቴ «እኔ ነኝ» አለች። አንቺን ከመሰለች ባለሙያ ይህን አልጠብቅም ብሎ በሰው ፊት አዋረዳት። አጠገቧ ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ። ያ ሁሉ ምላሴ የት እንደገባ እንጃ።

ቁስሉ ከወር በላይ ፈጀ፤ ጠባሳውም አበጠ። እህቴ አሁን ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ትመጣለች። ጠባሳ የሚያለሰልሰውን የሲሊኮን ልጥፍ በሳሙና አጥባ፣ አድርቃ፣ መልሳ ትለጥፍላታለች። ልጄም አንጓዋን አጥፋ ታሳያታለች። ከሳምንት ሳምንት ትንሽ ትንሽ ይታጠፋል። ባለፈው ሰኞ ልጄ ጠባሳዋን ስታይ ቆየችና፣ «አክስቴ፣ ያኔ ለምን ከፈትሽው?» አለቻት።

እህቴ ቀና ሳትል «ተሳስቼ ነው፣ የኔ ቆንጆ» አለች።

«እኔ ነኝ ያስከፈትኳት» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም፤ ደገምኩት። ልጄ ዞራ አየችኝ። እጇን ግን ከአክስቷ እጅ አላወጣችም።