ሙሉ ጠርሙሶች

መጋቢት ውስጥ፣ ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቢቸና ውስጥ በአንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፊት ላይ ሰልፈሪክ አሲድ ተረጨ። ቤተ ሙከራው ውስጥ የነበርነው እሷ፣ አንድ ረጅም የክፍላችን ልጅ፣ እኔና የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ነን።

ቤተ ሙከራ ነበረን። ቁልፉ ግን «ዕቃ ይሰበራል» በሚለው በዳይሬክተሩ ኪስ ውስጥ ነበር። ስለዚህ የኬሚስትሪ መምህራችን ሙከራውን በጠመኔ ይሠሩታል። ብርጭቆውን በነጭ ይሥላሉ፤ ፈሳሹ ቀለሙን ሲቀይር ቀይ ጠመኔ ያነሣሉ። እኛም ያላየነውን አየን ብለን እንጽፋለን፤ ማርክ ይሰጠናል። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የዚያን ሳምንት ሰኞ የተማርነው አሲድ ስለ ማቅጠን ነበር። መምህራችን ደንቡን በእንግሊዝኛ ጽፈው በአማርኛ አስደገሙን፦ አሲድ ወደ ውኃ ይጨመራል፣ ውኃ ወደ አሲድ አይጨመርም። ማክሰኞ መልሰው ጠየቁን። አንዱ «ከተሳሳትንስ፣ ቲቸር?» አላቸው።

«ሰሌዳ ላይ ከሆነ በዳስተር አጠፋዋለሁ» አሉ። ሳቅን።

ቅዳሜ ከአውራጃው እንግዶች ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ ይመጣሉ ተብሎ ነበር። ረቡዕ ዳይሬክተሩ ሦስታችንን ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ጠርቶ ቤተ ሙከራውን ከፈተልን። እግሬ ያን ክፍል ሲረግጥ የመጀመሪያው ነበር። ወለሉን ጠረግን፣ የመደርደሪያውን አቧራ አራገፍን። እሱ ጠርሙሶቹን እያየ ቆየና፣

«ጎደሎ ጠርሙስ ለእንግዳ አይታይም። ውኃ ጨምሩና ሙሏቸው» አለ።

ልጅቷ ከግንደወይን መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ከክፍላችን አንደኛ የምትወጣ ተማሪ ነበረች። ቡናማውን ጠርሙስ አንሥታ ጽሑፉን አነበበች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አሲድ ነው። ውኃ አይጨመርበትም ተብለናል።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ቲቸር ናቸው።»

«የዚህ ትምህርት ቤት ኃላፊ ቲቸርሽ ነው ወይስ እኔ? ሥራ አታደናቅፊ!»

ረጅሙ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እንግዳ ሲበዛ ጠላ የሚያቀጥን መሰለው» አለኝ። ልክ ነበር። ሰውየው የአሲዱን ጠርሙስ ከድግስ እንስራ ለይቶ አያየውም ነበር።

«ጨምሪ ስልሽ!»

ከባልዲ በጣሳ ውኃ ቀድታ ጨመረች። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እየተንጣጣ ፈላና ወደ ላይ ተፋ። «ዓይኔን!» ብላ ተቀመጠች። ቧንቧው ደረቅ ነው፤ ባልዲው ውስጥ የቀረውን ውኃ በሙሉ ፊቷ ላይ አፈሰስንባት። ዳይሬክተሩ በሩን ይዞ «ማንም እንዳይገባ!» ይላል። ገፍተውት የገቡት መምህራችን ናቸው። እሷን አቅፈው ወጡ፣ የጭነት መኪና ለምነው አሳፈሯት፤ በደጀን በኩል ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ድረስ አብረዋት ሄዱ።

ዓርብ ጠዋት ተመለሱ። ሸሚዛቸውን አልቀየሩም፤ ደረቱ ላይ አሲድ የበላው ቀዳዳ ይታያል። ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ዳይሬክተሩ ሰልፉ ፊት ቆመ።

«አንዲት ተማሪ ያለፈቃድ ኬሚካል ነካክታ ራሷን ጎድታለች። ከትምህርት ትባረራለች። መምህሯም ደንቡን ባለማስተማሩ አሁን እዚሁ ግለ ሂስ ያደርጋል።»

መምህራችን አንድ እርምጃ ወጡ። «ማስተማሬን ክፍሌን ጠይቁ» አሉ።

የጠየቀን የለም። ረጅሙ ልጅ ብቻውን «አሲድ ወደ ውኃ ይጨመራል» ብሎ ጮኸ። ክፍላችን በሙሉ «ውኃ ወደ አሲድ አይጨመርም!» ብሎ ተቀበለው። ሳይታዘዝ ደገመው።

«ዝም በሉ!»

«ጨምሪ ያሏት እርስዎ ነዎት!» አልኩ።

«እኔም ሰምቻለሁ» አለ ረጅሙ ልጅ።

ዳይሬክተሩ ሰልፉን በተነ።

ቅዳሜ እንግዶቹ መጡ። ቤተ ሙከራውን ከበሩ ላይ ሆነው አዩት። አንደኛው «የተሟላ ነው» አለ፤ አለፉ። ጠርሙሶቹ ሁሉ ሙሉ ነበሩ። እሷ በዚያ ሰዓት ዓይኗ ታሽጎ ሆስፒታል ተኝታለች። ሰኞ መምህራችን ወደ ሞጣ ተዛወሩ፤ ምክንያቱ «ለሥራው ቅልጥፍና» ነው ተባለ። ዳይሬክተሩ ከወንበሩ አልተነሣም።

ጋዜጠኛ ከሆንኩ በኋላ ለሌላ ሥራ ሞጣ ሄጄ መምህሬን አገኘኋቸው። አሁንም ኬሚስትሪ ያስተምራሉ። የቤተ ሙከራው ቁልፍ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«የልጅቷን ነገር አጣርተሃል?» አሉኝ፣ ገና ሳልቀመጥ።

በመጣሁበት መንገድ ግንደወይን ወርጄ ራሷን ጠይቄያት ነበር። ያየሁትንና የሰማሁትን ነገርኳቸው። መባረሯ ቀርቷል። ማትሪክ ተፈትናለች። የግራ ዓይኗ አያይም።