እየሄዱ ነገር የሚቆርጡት አያቴ

አያቴ የእርቅ ሽማግሌ ነበሩ፤ ግን ተቀምጠው ነገር አይቆርጡም። የተጣሉትን ሰዎች አስከትለው እስከ አርብ ገበያ በእግር ይወጣሉ፤ ዳገቱ ሲያልቅ ጠቡም ያልቃል። "ልብ የሚከፈተው እግር ሲሄድ ነው" ይሉ ነበር።

እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ። በእግር መሄድ አእምሮን እንደሚያነቃ ለሰው ሁሉ አስተምራለሁ። እሳቸውን ግን ልጡር ብዬ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ እኔ ቤት አመጣኋቸውና "አባባ፣ ይበቃዎታል፣ ይቀመጡ" አልኳቸው። "ሽማግሌ አያቷን ታንከራትታለች" እንዳልባል ብዬ ምርኩዛቸውን ሳይቀር ደበቅሁ።

ዓመት ሳይሞላ፣ የአገሩን ዘር እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት አያቴ "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ። አፍሬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ዛሬ አርባቸው ነው። ባዶ ወንበራቸው ፊት ቆሜ መለስኩላቸው፦ "ይቀመጡ ያልኩዎት ነኝ፣ አባባ።"