የማይቆመው ኔትወርክ

ሸዋ ሮቢት አዲሱ ፈጣን ኔትወርክ የገባ ሰሞን ነው። የልብ ሕመምተኛዋ ልጄ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተኝታለች፤ እናቷ ታስታምማታለች። እኔ እዚህ ቀርቼ ሽንኩርት እነቅላለሁ። ጎረቤቴ ጋሼ ሙሄ አዲሱን ስልካቸውን አዋሱኝና፣ «የድሮው ኔትወርክ ምስሉ እየቆመ አስመረረን፤ ይሄኛው ወላሂ አይቆምም» አሉኝ።

በቪዲዮ ደወልኩ። የልጄ ፊት ጥርት ብሎ መጣ።

«አባዬ፣ አህያችን ደህና ናት?»

«ሽንኩርቱን እየጨረሰችው ነው።»

ሳቀች። እንደሳቀች ምስሉ ቀጥ አለ።

«ጋሼ፣ ይኸው ቆመ!»

«ኧረ ከፍ አድርገህ ያዘው!»

ከፍ አደረግሁት። ወደ ቴሌው ማማ ዞርኩ። ያው ነው። ኔትወርኩን ረገምኩ።

ድንገት የባለቤቴ እጅ ወደ ምስሉ ገባ፤ የልጄን ዓይኖች ከደነ።