ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ስጋጃ

ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር የተከራየነው ቤት ወለሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ ነው። መጀመሪያ ሳየው መወልወል ቀረልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴ ግን ገና ደጃፉ ላይ ቆማ፣ «ከእኛ በፊት የነበሩት ውሻ ነበራቸው?» አለችኝ። የግቢው ጠባቂ ነግሮኝ ነበር። ዝም ብል ይሻል ነበር፤ ምን ላድርግ፣ አፌ አያርፍም። «ሁለት ውሻ» አልኳት። በቃ፣ ውሻ የተኛበት ምንጣፍ ላይ ግንባሬን አላሳርፍም አለች።

ስለዚህ ከአገር ቤት ይዛ የመጣችውን የሱፍ ስጋጃ፣ በምንተኛበት ክፍል፣ የቅዱሳን ሥዕሎቿ ከተሰቀሉበት የምሥራቅ ግድግዳ ሥር ምንጣፉ ላይ ደርባ አነጠፈችው። ምንጣፍ ላይ ስጋጃ! ሰግዳ ስትነሳ በእጆቿ ወደፊት ትገፋዋለች፤ እሱም እሺ ብሎ ይሄዳል። ጸሎቷን ሳትጨርስ ጫፉ ግድግዳው ጋ ደርሶ ይታጠፋል።

«የት ነው የሚሄደው ይሄ?» ስላት፣

«ኢየሩሳሌም» አለች። «ካንቺ ይሻላል።»

መሳቅ አቃተኝ። አምና አዲስ አበባ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ብረት ገብቶለታል። ወደ ናይሮቢ ያመጣኋትም ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ነው። ሐኪሙ፣ ሁለተኛ ብትወድቅ መነሳቷን እንጃ ብሎኛል።

«የንስሐ አባትሽ ወንበር ላይ ሆነሽ ጸልዪ ብለውሽ የለ እንዴ?»

«እሳቸው ለዳሌዬ አዝነው ነው። እኔ ሁዳዴን ተቀምጬ አላሳልፍም።»

ከእሷ ጋር መከራከር የዚህ አገር ሚኒባስ፣ ማታቱ ውስጥ ቆሞ ከመሄድ ይበልጥ ያደክማል። ከሥራ ስወጣ አንድ ሱቅ ገብቼ ከስጋጃው ሥር የሚነጠፍ፣ መረብ የመሰለ ጎማ ገዛሁ። ሻጩ ስለ ወለሉ ሊጠይቀኝ አፉን ሲከፍት እኔ ከፍዬ ወጥቻለሁ። ቤት ስዘረጋው ስጋጃው ጭራሽ ባሰበት። ለካ ጎማው የሚይዘው ሴራሚክ ነው፤ የምንጣፍ ጸጉር ላይ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል።

በማግስቱ ስመለስ እናቴ ኮርታ ጠበቀችኝ። የስጋጃውን አራት ማዕዘኖች በወስፌ እየወጋች፣ በወፍራም ክር ከአከራዩ ምንጣፍ ጋር ሰፍታዋለች።

«እማዬ! የሰው ንብረት እኮ ነው!»

«ስንወጣ እተረትረዋለሁ። እስቲ አሁን ጎትቺው።»

ጎተትኩት። ንቅንቅ አላለም። ለትንሽ ቀን እኔም እንደ ሰው ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሻይ እያፈላሁ «እህ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ስገባ ግድግዳውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ስጋጃው ከስፌቱ አልወጣም፤ ግን የታችኛውን ምንጣፍ ከነሙጫው አላቅቆ ወደፊት ሰብስቦታል። እግሯን የመታት ያ እጥፋት ነው።

«አልወደቅሁም» አለች ቀድማኝ።

«ዛሬ አልወደቅሽም!»

«አትጩሂብኝ፤ ጸሎት ላይ ነኝ።»

ክሩን በመቀስ በጣጥሼ ጣልኩና ምንጣፉን በእግሬ ረግጬ ዘረጋሁት። ከዚያ አልጋዬን አየሁት። ከባድ የእንጨት አልጋ ነው። እየረገምኩ ጎተትኩት፤ የግርጌውን ሁለት እግሮች የስጋጃው የኋላ ጫፍ ላይ አሳረፍኳቸው። ከፊት ሆኜ ስጋጃውን ባለ በሌለ ኃይሌ ገፋሁት፣ ሳብኩት። አልሄደም፤ ምንጣፉም አልተሰበሰበም።

«አልጋሽ እኮ መሀል ቤት ሆነ» አለች።

«ይሁን። ስትነሺ እሱን ትይዣለሽ።»

አሁን ጎህ ሳይቀድ፣ እኔ ሥራ ለመሄድ ገና ጊዜ እያለኝ፣ ከእግሬ ሥር ስግደቷን ትጀምራለች። በተነሳች ቁጥር የአልጋውን ጠርዝ ትይዛለች፤ አልጋው ከነእኔ ይነቃነቃል።

«ነቃሽ እንዴ?» ትለኛለች።

«ምኑን ተኛሁት?»

«እንግዲያው ነይ ስገጂ።»

«አልሰግድም። አጥብቀሽ ያዢ።»

ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ እስባለሁ። አልጋው ሲነቃነቅ በደህና ተነሳች ማለት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ የሚቀጥለውን መነቃነቅ እጠብቃለሁ።