በአንገታችን ያሰርነው መጽሐፍ

የልጅ ልጄ ትናንት የትምህርት ቤት መጽሐፏን ከፊቴ ዘርግታ ከምንባቡ ግርጌ የተደረደሩትን አዳዲስ ቃላት ዓይኗን ጨፍና ስታነበንብ፣ የአዲስ ወረቀት ሽታው አፍንጫዬ ገባና እንደ ልማዴ መቀመጥ አቃተኝ። «እጭ ማለት ከእንቁላል የሚፈለፈል የትንኝ ልጅ» አለች። አይተሽው ታውቂያለሽ ወይ ብላት «ኧረ እማማ ደግሞ! ፈተና ላይ የሚመጣው እኮ ትርጉሙ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ተናደድኩ። ልጅ ላይ መናደድ ደግ አይደለም ብዬ ወደ በረንዳው ወጥቼ ስንቆራጠጥ ቆየሁ።

እኔ እጭን የማውቀው በቅል ቀድቼ ነው። በጣልያን ጊዜ፣ ከሸዋሮቢት ወረድ ብላ ባለችው የቀወት መንደራችን፣ ጋሼ ታምራት የሚባሉ ሰው ከአዲስ አበባ ሸሽተው መጥተው ተጠግተውን ነበር። ለጠየቃቸው ሁሉ የማሽላ ነጋዴ ነኝ ይላሉ፤ ማሽላን ከዘንጋዳ የማይለዩ ነጋዴ መሆናቸውን ግን መንደሩ በሙሉ ያውቅ ስለነበር አስተማሪነታቸው ብዙም አልተደበቀም፤ ሰው አውቆ ዝም አለ እንጂ። ያኔ የተማረ ሰው ይታደን ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ስለ ጤና፣ ስለ ውሃና ስለ አፈር በአማርኛ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ይዘው መጥተዋል። ቢያዝ ራሳቸውንም እኛንም ያስጠፋል። ስለዚህ ስፌቱን ፈቱና ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ወረቀት አደሉን፣ በቁርበት አሰፍተውም እንደ ክታብ አንገታችን ላይ አንጠለጠሉልን። በእኛ አገር በይፋት ክርስቲያኑም እስላሙም ልጁን ያለ ክታብ ከደጅ አይሰድም፤ ባንዳ እንኳ ቢሆን የሰው ክታብ መፍታት ይፈራል።

ሮቢ ወንዝ ዳር ከዛፍ ሥር ተሰብስበን ክታባችንን ፈትተን ተራ በተራ ስናነብ፣ ዳዊት የለመደ አንደበታችን የት ይሄዳል፣ ስለ ትንኝ የተጻፈውን ሁሉ እየተወዛወዝን በዜማ እናወርደው ነበር። ጋሼ ራሳቸውን ይዘው «ኧረ በማርያም! ለትንኝ አይቀደስም!» ይላሉ። ከዚያ «ያላያችሁትን ቃል አላነበባችሁትም» ብለው ይሰዱናል፤ ረግረግ ሲባል ረግረጉ ውስጥ ገብተን እስከ ጉልበታችን እንጨማለቃለን፣ እጭ ሲባል ከቆመ ውሃ በቅል ቀድተን ሲውረገረግ እያየን እንጮኻለን። ለእኔ የደረሰኝ ወረቀት ስለ ወባ ነበር። ከውስጡ አንዲት ቃል ብቻ አላሳዩኝም፤ ኪኒን የምትለዋን። «እሱ ያለው ጣልያን ሰፈር ነው፣ እንግዲህ እመኚኝ» አሉኝ።

የዝናቡ ወራት ሲወጣ ታናሽ ወንድሜን ዘውዱን ወባ ጣለው። ማንበብ የማታውቀው እናቴ የደብተራ ሥራ መስሏት ክታቤን ከአንገቴ አወለቀችና እሱ ላይ አሰረችለት፤ ሰሌኑ ላይ ሲንቀጠቀጥ ክታቡም አብሮት ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም፣ እገባለሁ እወጣለሁ። ምን ማድረግ እንደሚገባን ወረቀቱ ይናገራል፣ ወረቀቱን ደግሞ በሽተኛው አንገት ላይ አስረን እግዜርን እንለምናለን! በኋላ አላስችል አለኝና ተንደርድሬ ክታቡን ፈታሁት። እናቴ «ክታብ ይፈታል እንዴ? ልጄን ልትገድይብኝ ነው?» ብላ በጥፊ አቃጠለችኝ። እያለቀስኩ ጮክ ብዬ ማንበቤን ቀጠልኩ፤ በቆመ ውሃ ስለምትራባው ትንኝ፣ ስለ ትኩሳቱ፣ ስለ ብርዱ፣ ኪኒን ካልዋጠ ሊሞት ስለሚችለው ሕፃን።

«እኔ ልጄ አንገት ላይ ያሰርኩት ትንኝ ነው?» አለች እናቴ፣ በቀስታ። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ጋሼ ሮጠች። እሷ ጣልያን ሰፈር ብትሄድ አባቴ አርበኛ ነው፣ ተይዛ ትቀራለች። ጋሼ ነገሩን አስጨርሰው እንኳ አልሰሟትም፣ ከዘራቸውን አንስተው ወጡ።

ኪኒኑን ያመጣችልን ለጣልያኑ ሰፈር ወተት የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት። ጋሼ ከጣልያኑ ሐኪም ተቀብለው ሲወጡ አንድ ባንዳ አወቃቸው፤ ወታደሮች ሊይዟቸው ሲመጡ እያዩ በአጠገቧ አልፈው ኪኒኑን እቅፏ ውስጥ ጣል አደረጉላት። ዘውዱ ምሬቱን እየተፋ እያስዋጥነው ዳነ። ጋሼ አልተመለሱም። ጣልያን ጣርማ በር በሚያስቆፍረው ዋሻ ሲሠሩ አየናቸው ያለም ነበር፣ እዚያም አልደረሱም ያለም ነበር፤ እኔ ግን በመንገድ ከዘራ የያዘ ሰው ባየሁ ቁጥር ሮጬ ፊቱን ማየት ልማድ ሆነብኝ።

ጣልያን ሲወጣ ወረቀቶቻችንን ይዘን ያው ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ግማሹ ልጅ ከወላጆቹ ጋር ተሰዶ፣ ግማሹም ሞቶ፣ መጽሐፉ ሳይሞላ ቀረ። የጎደሉት ገጾች ላይ የነበሩትን ቃላት ሳላያቸው አረጀሁ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዘውዱ አሁን አጣዬ ውስጥ ሱቅ ያለው ሽማግሌ ነው። አምና ጋሼን በጸሎት እናስባቸው ብለን አብረን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ወጣቱ ቄስ የጋሼን የክርስትና ስም ጠየቁን። ሸሽተው የመጡ ሰው ናቸውና ታምራት የሚለውም እውነተኛ ስማቸው ይሁን አይሁን ማን ያውቃል? የስንቱን ነገር ስም ካስተማሩን ሰው የራሳቸውን ሳንጠይቅ ቀርተናል። እንባዬ መጣ።

«አስተማሪያችን ነበሩ» አልኳቸው።

«እሱማ ሥራቸው ነው እማማ» አሉኝ ቄሱ፤ «እኔ የምጠይቅዎ ስማቸውን ነው።»