ቁንጫ ሚዛን ያለፈች ጊዜ

«ቁንጫ» ያሏት የቦክስ ጓደኞቿ ናቸው። ትንሽ ነች፣ ፈጣን ነች፣ አንዴ ከያዘች አትለቅም። ቀን በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ትተኩሳለች፤ ከሥራ ስትወጣ መንገዷ በቀጥታ ወደ ቦክስ ቤቱ ነው። እናቷ «ሰው ሴት ልጅ ይወልዳል፣ እኔ ዱላ ወለድኩ» እያለች ታሾፋለች። በላብ የራሰውን ጓንት ፀሐይ ላይ የምታሰጣው ግን እናቷ ራሷ ነች።

ውድድሩ ሲቃረብ ክንዷ እንደ ልቧ አልሆን አላት። አብሯት የሚሠለጥን አንድ የታክሲ ሹፌር ክሬያቲን የሚባል ነጭ ዱቄት ጠቆማት።

«የተከለከለ ነገር አይደለም፤ ጉልበትሽ ቶሎ እንዳያልቅ ነው» አላት።

አልዋሻትም። በውሃ እየበጠበጠች መጠጣት ከጀመረች ወዲህ ቡጢዋ ከበድ አለ። ደስታዋ ግን ሚዛን ላይ እስክትወጣ ነበር፤ ከክብደት ምድቧ ሁለት ኪሎ አልፋለች።

«ምን በልተሽ ነው?» አላት አሠልጣኙ።

«እንደ ወትሮዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ሚዛኑ ነው የበላው?»

ሁሉም ሳቀ። እሷ ግን የምትገባበት ጠፋት። የዱቄቱን ነገር ዋጥ አድርጋ ወጣች።

በማግስቱ ውሃ የሚባል አፏ አላስገባችም። ኪሎው በላብ እንዲወርድላት ከሥራ ልብሷ ሥር ሹራብ ደርባ፣ በዚያ በእንፋሎት በታፈነ ክፍል ውስጥ አንሶላዋን ትተኩስ ጀመር። ከምሳ በኋላ ዓይኗ ጨለመባት። የክፍሉ ኃላፊ ከኋላዋ አፈፍ ባታደርጋት ኖሮ በጋለው ብረት ላይ ተደፍታ ነበር።

ክሊኒክ ተወስዳ ግሉኮስ ተሰካላት። ሐኪሟ ሁሉንም ካናዘዘቻት በኋላ፣ «የኔ እህት፣ የጨመርሽው ስብ አይደለም» አለቻት። «ዱቄቱ ውሃ ወደ ጡንቻ ይስባል፤ በተለይ መጀመሪያ ላይ ክብደት ይጨምራል። ብታቆሚው ቀስ እያለ ይወርዳል። አንቺ ግን ሰውነትሽን በጥም ልትገድዪው ነበር።»

አሠልጣኙ ይህን ሲሰማ እያለከለከ መጣ። አልጋዋ አጠገብ ቆመ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያባርሩኛል ብዬ።»

«ዱቄት ስለጠጣሽ አላባርርሽም። ውሃ ስላልጠጣሽ ግን ላባርርሽ ይገባ ነበር» አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «በይ ምረጪ። ወይ ዱቄቱን አቁመሽ የሚቀጥለውን ውድድር ትጠብቂያለሽ፣ ወይ ስታገግሚ ከላይኛው ምድብ ትገቢያለሽ። እዚያ ያሉት ግን ረጃጅም ናቸው።»

«ከላይ እገባለሁ።»

«እስቲ አስቢበት!»

«አስቤበታለሁ፣ ጋሼ።»

ሐኪሟ ከፈቀደችላት በኋላ የገጠመቻት ልጅ በአንድ ራስ ትበልጣታለች። በመጀመሪያው ዙር ቁንጫ አንድም ጊዜ ልትጠጋት አልቻለችም፤ አፍንጫዋ ደማ። በሁለተኛው ጎንበስ ብሎ መግባቱን አገኘችው፤ ጎኗን ደጋግማ ስትመታት ረጅሟ ልጅ ወደ ገመዱ አፈገፈገች። በሦስተኛው አዳራሹ ብድግ አለ። ዳኛው ግን የረጅሟን እጅ አነሳ፤ ቁንጫ በጥቂት ነጥብ ነው የተበለጠችው።

እናቷ አፍንጫዋን በፎጣ እየጠረገችላት «አመመሽ?» አለቻት።

«ሽንፈቱ ነው ያመመኝ።»

ከዚያ ወዲያ ወደ ታችኛው ምድብ አልተመለሰችም። አንዳንዴ ታሸንፋለች፣ አንዳንዴ ትሸነፋለች፤ አንሶላ መተኮሷንም አልተወችም። አሠልጣኙም ቢሆን ዛሬ ማንንም ወደ ሚዛን ከማውጣቱ በፊት ምን እየወሰደ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሲጠይቅም አይቀልድም።